ስለ ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ሲዘገብ ስሌቱም አብሮ ይታተም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስለ ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች የሚወጣ ዜና የማጣሪያውን ስሌት ይዞ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ ሒሳብ የምናስተምር ሰዎች ነን። ትልቅ ብቸኛ ቁጥር፣ በተለምዶ ፕራይም የምንለውና ከ1ና ከራሱ በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈለው፣ በተገኘ ጊዜ ሁሉ በአማርኛ የሚወጣው አጭር ዜና ሦስት ስሕተቶችን ይዞ ይመጣል። አንደኛው «የመጨረሻው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ተገኘ» ይላል። ሁለተኛው ቁጥሩ በባንክ ያለ ገንዘባችንን ለመጠበቅ ያገለግላል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ከሥሩ ላሉት ቁጥሮች ሁሉ እያካፈለ ደረሰበት ይላል። ሦስቱም ልክ አይደሉም። ከሁሉ የሚያሳዝነን ሦስተኛው ነው፤ የነገሩ ውበት ያለው ቁጥሩ በተጣራበት መንገድ ላይ ነውና። ያ መንገድ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ተማሪ ሁሉ በወረቀትና በእርሳስ ሊሄድበት የሚችል ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንዳለ እናስቀምጠው። ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ብቸኛ መሆኑ የተረጋገጠው ቁጥር 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ነው። 136,279,841 ሁለቶችን አባዝታችሁ ከውጤቱ 1 ስትቀንሱ የምታገኙት ማለት ነው። ያገኘው ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ የተገኘውም ጂምፕስ በሚል ምህጻር በሚታወቀው፣ በጎ ፈቃደኞች ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮምፒውተራቸውን ጉልበት በሚያዋጡበት ፍለጋ ውስጥ ነው። ጥቅምት 1 ቀን በደብሊን፣ አየርላንድ የሚገኝ አንድ ጂፒዩ (የግራፊክስ ማቀነባበሪያ) «ይህ ቁጥር ብቸኛ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ውጤት ላከ፤ በማግስቱ በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ያለ ሌላ ጂፒዩ በሌላ ዓይነት ፈተና አረጋገጠው። ከዚያ ሌሎች ፕሮግራሞች በሌሎች ማሽኖች ላይ ደግመው ፈተሹትና ጥቅምት 11 ቀን ለሕዝብ ተነገረ። ከዚያ በፊት ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ በ2018 እ.ኤ.አ. የተገኘው 2⁸²⁵⁸⁹⁹³³ − 1 ነበር፤ 24,862,048 አሃዝ አለው። አዲሱ 41,024,320 አሃዝ አለው።

አሃዙ ስንት እንደሆነ ማንም ሰው ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ከላይ በትንሹ የሚጻፈውን ቁጥር ርቢ እንበለው፤ 2 ያን ያህል ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘውን ውጤት ደግሞ የ2 ርቢ። ርቢውን በ0.30102999566 (የ2 ሎጋሪዝም ነው) አባዙት፤ 41,024,319.94 እና ትርፍ ይመጣል። ከነጥብ በፊት ባለው ላይ 1 ስትጨምሩ የአሃዙን ብዛት ታገኛላችሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞችም እንዲሁ በእጅ ይገኛሉ፦ የ2 ርቢዎች የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ከ2² ጀምሮ በየ20 ይደጋገማሉ። 136,279,841 ለ20 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ 2²¹ን ማየት ይበቃል። 2²¹ = 2,097,152 ነው፤ 52 ላይ ያበቃል። 1 ቀንሱ፤ 51። ያ አርባ አንድ ሚሊዮን አሃዝ ያለው ቁጥር በ51 እንደሚያልቅ አንድ የታክሲ ወረፋ በሚወስደው ጊዜ ተረጋገጠ ማለት ነው።

በአራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንድ ገጽ 5,000 አሃዝ እየተደረገ ይታተም ቢባል 8,205 ገጽ ይፈጃል። በየሰከንዱ አንድ አሃዝ እየጠራ ሌት ተቀን የሚያነብ ሰው ቢገኝ 475 ቀን፣ ማለትም አንድ ዓመት ከሦስት ወር ከ20 ቀን ይወስድበታል። በኮምፒውተር ውስጥ ግን ከሁሉ የቀለለ ቁጥር ነው፦ በባይነሪ፣ ማለትም ቢት በሚባሉ የ0ና የ1 አሃዞች ብቻ፣ ሲጻፍ 136,279,841 አንዶች ተደርድረው ናቸው፤ አንድም ዜሮ የለበትም። 17 ሜጋባይት ገደማ ቦታ ይይዛል። ይህ ሁሉም አሃዙ 1 የመሆን ጠባይ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ፈተናውን የሚያፋጥነው እሱ ነውና ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ስሕተቶቹ። «ትልቁ ብቸኛ ቁጥር» የሚባል ነገር የለም። ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ዩክሊድ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት አሳይቷል። ርእሱ ላይ «ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ» ብትሉ አንዲት ቃል ጨምራችሁ ዜናውን ከሐሰት ወደ እውነት ታሻግሩታላችሁ። የዩክሊድ ማስረጃም ቢሆን ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይነገራል። የምታውቋቸውን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አባዝታችሁ 1 ስትጨምሩ ሌላ ብቸኛ ቁጥር ታገኛላችሁ የሚሉ አሉ። እንዲያ አይደለም፦ 2 × 3 × 5 × 7 × 11 × 13 + 1 = 30,031 ሲሆን፣ ይህም 59 × 509 ነው። ማስረጃው የሚለው ሌላ ነው፤ የተገኘውን ውጤት ያለ ቀሪ የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ምንጊዜም ይኖራል፣ እሱም ከተባዙት ውስጥ ሊሆን አይችልም ነው የሚለው። 59 እና 509 ከተባዙት ስድስቱ ውስጥ የሉም፤ የተፈለገውም ይኸው ነው።

ስለ ባንኩ በአጭሩ። በስልክ የባንክ መተግበሪያ ስንከፍት ከምንጠቀምባቸው የምስጢር ዘዴዎች አንዱ፣ አርኤስኤ የሚባለው፣ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮችን አባዝቶ ውጤቱን ለሁሉም ይገልጣል፤ ሁለቱን ግን ይደብቃል። በ2,048 ቢት ቁልፍ ውስጥ እያንዳንዳቸው 309 አሃዝ ያህል አላቸው። ጥቅማቸው ያለው ማንም ስለማያውቃቸው ነው። እንዲህ ያሉትን ማግኘት ደግሞ አይከብድም፦ በዚያ መጠን ካሉ ቁጥሮች በአማካይ ከ710 አንዱ ብቸኛ ነው፤ ጎዶሎዎቹን ብቻ ከሞከራችሁ ከ355 አንዱ። ተራ ኮምፒውተር በቅጽበት ይደርስበታል። ለሕዝብ ይፋ ሆነው የሚያገለግሉ ብቸኛ ቁጥሮችም አሉ፤ ለምሳሌ 2²⁵⁵ − 19፤ እሱም 77 አሃዝ ብቻ ነው፤ ሥራው ስሌቱ የሚካሄድበትን መደብ መስጠት ነው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀውና ለአንዲት ማባዛት 17 ሜጋባይት የሚያስጎትት ቁጥር ለቁልፍነት አይሆንም። ከእነዚህ ፍለጋዎች የምናተርፈው የማባዛት ዘዴውን፣ ማሽንን መፈተኛውንና ማረጋገጫውን ነው።

ሦስተኛው ስሕተት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። አንድን ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ይበቃል፤ ይህ በክፍል ውስጥ የምናስተምረው ነው፤ እስከ ጥቂት ሚሊዮን ድረስም ጥሩ ነው። ባለ 41 ሚሊዮን አሃዙ ግን ስኩዌር ሩቱ ብቻውን ከ20 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው። በሚታየው ዓለም ያሉ አቶሞች ብዛት በግምት ሲጻፍ 80 አሃዝ ገደማ ነው። ማካፈል እዚህ ላይ ዝግ መንገድ ነው።

የመርሴን ቁጥሮች፣ ማለትም ከ2 ርቢ 1 በመቀነስ የሚገኙት፣ የተመረጡት ሁለት ልዩ ጠባይ ስላላቸው ነው። የመጀመሪያው ጠባይ አካፋዮቻቸው እንደልብ አለመሆናቸው ነው። ርቢው ራሱ ብቸኛ ካልሆነ ቁጥሩም ብቸኛ አይሆንም፤ 2⁹ − 1 = 511 በ2³ − 1 = 7 ይካፈላል፣ 9 በ3 ስለሚካፈል። ርቢው ብቸኛና ጎዶሎ ሲሆን ደግሞ ማናቸውም አካፋይ የርቢው እጥፍ ብዜት ላይ 1 ተጨምሮ የሚገኝ መሆን አለበት። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አካፋዩ ብቸኛ ነው እንበል። የ2 ርቢ ለእሱ ሲካፈል 1 የሚተርፈው ለመጀመሪያ ጊዜ በየትኛው ርቢ ላይ እንደሆነ ብንጠይቅ፣ ያ ርቢ የእኛን ርቢ ማካፈል አለበት፤ የእኛ ግን ብቸኛ ስለሆነ እሱው ራሱ ነው። በፌርማ ሕግ ደግሞ ከአካፋዩ 1 ቀንሰን ርቢ ብናደርገው እንዲሁ 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ ርቢያችን ያንን ያካፍላል። አካፋዩ ጎዶሎ ነውና እጥፉም ያካፍላል። በዚህ ላይ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ብቻ ሊተርፍ ይችላል።

ይህን በ2¹¹ − 1 = 2,047 ላይ ሞክሩት። የ22 ብዜት ላይ 1 ጨምሩ፦ 23። 23 ለ8 ሲካፈል 7 ይተርፋል፤ ፈተናውን አለፈ። 2,047 ÷ 23 = 89፤ ያለ ቀሪ። በመጀመሪያው ሙከራ ወደቀ። 11 ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ሳለ 2,047 ብቸኛ አለመሆኑን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል፤ ርቢው ብቸኛ መሆኑ የግድ ነው፣ በቂ ግን አይደለም።

የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. 2³¹ − 1 = 2,147,483,647 ብቸኛ መሆኑን ያሳየው በዚሁ ማጥበቢያ ነው። ስኩዌር ሩቱ 46,340 ገደማ ነው። አካፋይ ቢኖር የ62 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት፤ የ8ን ሕግ ስንጨምርበት የ248 ብዜት ሲደመር 1 ወይም ሲደመር 63 ብቻ ይቀራል። 63 ራሱን ከተውን ሊሞከሩ የሚገባቸው 372 ቁጥሮች ናቸው፤ ከእነዚህም ብቸኛ ያልሆኑትን መጣል ይቻላል። ኦይለር በዚያን ጊዜ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። ቁጥሩ ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ ሆኖ እስከ 1867 እ.ኤ.አ. ቆየ።

ይህ ቁጥር ሌላም ቦታ አለ። በብዙ የቆዩ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ውስጥ ሰዓት የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው፤ በ32 ቢት ሊያዝ የሚችለው ትልቁ ቆጠራ ደግሞ ይኸው 2,147,483,647 ነው። ቆጠራው የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ታቦታቱ ጃንሜዳ ባደሩበት በጥምቀት ማለዳ መሆኑ ነው። ቀጣዩ ሰከንድ ሲቆጠር ያልታደሰ ሥርዓት ወደ 1901 እ.ኤ.አ. ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ቁጥሩ ብቸኛ ስለሆነ አይደለም፤ 31 አንዶች ተደርድረው ቦታው ስለሞላ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ግን ቀኑን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ሁለተኛው ጠባይ ዋናው ነው። ለእነዚህ ቁጥሮች አካፋይ ሳይፈልጉ ብቸኛ መሆን አለመሆናቸውን እርግጡን የሚናገር ፈተና አለ። የሒሳብ ሊቁ ሉካስ በ1876 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ሌህመር በ1930 አሁን ወዳለው መልክ አመጣው። ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ከ4 ጀምሩ። በራሱ አባዙት፣ 2 ቀንሱ፣ ለሚፈተነው ቁጥር አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ። በቀሪው ይህንኑ ድገሙ። ይህን ከርቢው ሁለት ባነሰ ቁጥር ያህል ጊዜ ደጋግሙ። መጨረሻ ላይ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ 0 ካልሆነ አይደለም። በመካከል ምንም ግምት የለም።

በቀሪ መሥራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት «ሲገደፍ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ለ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7,517 ነው፤ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ መደቡ ነው። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 1፤ አበቅቴ። 11 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 29፤ መጥቅዕ። ሁለቱ ሲደመሩ 30፤ ስሌቱ ልክ መሆኑ የሚታወቅበት ማመሳከሪያ ነው። የብቸኛ ቁጥር ፈተናም በዚሁ ቋንቋ ይነገራል፤ የሚገደፍበት ቁጥር ይተልቃል እንጂ ሥራው አንድ ነው። ይህን ምሳሌ በትምህርት ቤት የሚጠቀም መምህር ጥቂት መሆኑ ያስቆጨናል።

እነሆ ፈተናው በ2⁷ − 1 = 127 ላይ። ርቢው 7 ስለሆነ 5 እርምጃ እንሄዳለን። ለ127 ከማካፈል ይልቅ ለ128 አካፍሉና ድርሻውንና ቀሪውን ደምሩ፤ 128 በ127 ሲገደፍ 1 ስለሚተርፍ ውጤቱ ያው ነው። ለኮምፒውተር ደግሞ ለ128 ማካፈል ምንም ማካፈል የለበትም፤ የባይነሪውን ሰልፍ ከሰባተኛው ቦታ ቆርጦ ሁለቱን ቁራጮች መደመር ብቻ ነው። ቀደም ሲል ወደ ኋላ እንመለስበታለን ያልነው ይህ ነው።

4 × 4 − 2 = 14።
14 × 14 − 2 = 194፤ በ128 ድርሻው 1፣ ቀሪው 66፤ ድምሩ 67።
67 × 67 − 2 = 4,487፤ ድርሻው 35፣ ቀሪው 7፤ ድምሩ 42።
42 × 42 − 2 = 1,762፤ ድርሻው 13፣ ቀሪው 98፤ ድምሩ 111።
111 × 111 − 2 = 12,319፤ ድርሻው 96፣ ቀሪው 31፤ ድምሩ 127፤ በ127 ሲገደፍ 0።

127 ብቸኛ ነው። በክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ የሚበላሸው አንድ ቦታ ነው፦ የእርምጃው ቁጥር። 4ን እንደ አንደኛ እርምጃ የቆጠረ ተማሪ 111 ላይ ይቆምና «ብቸኛ አይደለም» ይላል። አንድ እርምጃ ያለፈ ደግሞ 0 × 0 − 2፣ ማለትም 125 ያገኝና እሱም ይሳሳታል። ሌላው ደጋግሞ የሚታየው 2 መቀነስን መርሳት ነው፤ አንዴ ከተረሳ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርጉም የለውም፤ ስሕተቱ ግን ራሱን አያሳይም። በ2,047 ላይ ዘጠኙን እርምጃ የሄደ ሰው 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1,877፣ 240፣ 282 እያለ መጨረሻ ላይ 1,736 ማግኘት አለበት። 0 አይደለም፤ ስለዚህ ብቸኛ አይደለም። ልብ በሉ፤ ፈተናው 23ንም 89ንም ሳይነግረን ነው የጣለው።

ይህ የመጨረሻው ነገር በታሪክ ውስጥ ጎልቶ ታይቷል። ቁጥሮቹ በስሙ የተጠሩለት መርሴን በ1644 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝርዝር 2⁶⁷ − 1 ብቸኛ ነው ብሎ ነበር። ሉካስ በ1876 አለመሆኑን አሳየ፤ አካፋዩን ግን አላወቀም። ኮል የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1903 ነው 193,707,721 × 761,838,257,287 መሆኑን ያቀረበው። ለ27 ዓመት ዓለም «ይህ ቁጥር ይካፈላል» እያለ በምን እንደሚካፈል ሳያውቅ ኖረ። በዚያው 1876 ሉካስ 39 አሃዝ ያለውን 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን በእጅ ስሌት አረጋግጧል። መርሴን ከተሳሳተባቸው ውስጥ 257ን መጨመሩና 61፣ 89 እና 107ን መተዉ ይገኙበታል።

ዛሬ መጀመሪያ የሚካሄደው ግን ሌላ ፈተና ነው፤ ከደብሊን የመጣው ውጤትም የእሱ ነው። 3ን ይዞ ርቢው የሚለውን ያህል ጊዜ በራሱ እያባዙ መግደፍ ነው፤ ቁጥሩ ብቸኛ ከሆነ መጨረሻ ላይ 9 መምጣት አለበት። በ127 ላይ ሰባት ጊዜ አባዙ፦ 9፣ 81፣ 84፣ 71፣ 88፣ 124፣ 9። መጣ። በ3 ፈንታ በ2 መጀመር የማይቻለው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ርቢው ብቸኛ እስከሆነ ድረስ ማናቸውም የመርሴን ቁጥር በ2 ሲፈተን ያልፋል፤ 2,047ም ጭምር። ፈተናው ምንም አይለይም። በ3ም ቢሆን 9 መምጣቱ «ሳይሆን አይቀርም» ያሰኛል እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ለዚህ ነው በማግስቱ የሉካስና የሌህመር ፈተና የተካሄደው።

በራስ እያባዙ መሄድን ካነሳን፣ ርቢን የማስላቱ ዘዴ ራሱ የእኛን አገር ስም ይዟል። በዓለም የሒሳብ መማሪያዎች «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባለው፣ በግራ ቀሪውን እየተዉ ለሁለት እየከፈሉ በቀኝ የማጠፍ ዘዴ ነው። 13 × 45፦ በግራ 13፣ 6፣ 3፣ 1፤ በቀኝ 45፣ 90፣ 180፣ 360። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር፣ 6ን፣ ሰርዙ፤ 45 + 180 + 360 = 585። አሁን ማጠፉን በራስ ማባዛት፣ መደመሩን ማባዛት አድርጉት፦ በቀኝ 3፣ 9፣ 81፣ 6,561፤ 9ን ሰርዙ፤ 3 × 81 × 6,561 = 1,594,323፤ ይህም 3¹³ ነው። 309 አሃዝ ያለው ርቢ በዚህ መንገድ አንድ ሺህ ገደማ መስመር ብቻ ይፈልጋል። የስልካችን የምስጢር ቁልፍ የሚሰላው በዚሁ ሥርዓት ነው።

በትልቁ ቁጥር ላይ ችግሩ ሥርዓቱ ሳይሆን ማሽኑ ነው። 136 ሚሊዮን ቢት ያለው ቁጥር 136 ሚሊዮን ጊዜ በራሱ ይባዛል። ማባዛቱ ፋስት ፉሪየር ትራንስፎርም በሚባለው ዘዴ ይሠራል፦ ቁጥሩ ወደ 18 ቢት ገደማ በሚይዙ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ቁራጮች ይከፈላል፤ ስሌቱ በነጥብ ቁጥሮች ይካሄዳል፤ ውጤቱ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል። የማጠጋጋቱ ስሕተት 0.5 ከደረሰ አንድ ቁራጭ በ1 ይሳሳታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ 0.4 ሲያልፍ ያስጠነቅቃል። ሌላው ምክንያት ሙቀትና የተበላሸ ሜሞሪ ነው፤ አንዲት ቢት ከ0 ወደ 1 ብትገለበጥ ብቸኛ የሆነው ቁጥር ብቸኛ አይደለም ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። ጌርቢክዝ የተባለ ሰው በ2017 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ማመሳከሪያ በ3 በሚጀምረው ፈተና ላይ እንዲህ ያለውን ስሕተት በመንገድ ላይ ሳለ ይይዛል፤ ፕሮግራሙም ልክ ወደነበረበት ቦታ ተመልሶ ይቀጥላል። ማመሳከሪያው እንደ አበቅቴና መጥቅዕ ድምር ነው፤ ሁለት በተለያየ መንገድ የተገኙ ውጤቶች መግጠም አለባቸው።

በአዲስ አበባ ይህን ፍለጋ መሞከር የሚፈልግ ወጣት ካለ፦ የጂምፕስ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። በመጀመሪያ የማሽን መፈተኛውን አንድ ሙሉ ሌሊት አስኪዱት፤ በዚያ የወደቀ ኮምፒውተር ለሌላም ሥራ አይታመንም። ፕሮግራሙ የደረሰበትን ካልተቀየረ በየ30 ደቂቃው ይመዘግባል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ወደ 10 ደቂቃ አውርዱት። ላፕቶፕ ከሆነ በደረቅ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ አልጋና ሶፋ የአየር መግቢያውን ይደፍናሉ። አንድ ፈተና ቀናት ይወስዳል፤ ከሞላ ጎደል ሁሌም መልሱ «አይደለም» ነው። ያም ውጤት ይመዘገባል፤ ሌላ ሰው እንዳይደክምበት ያደርጋል።

ዝግጅት ክፍሉን የምንጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ዜናው ሲደርሳችሁ «ከሚታወቁት ሁሉ» የምትለዋን ቃል ጨምሩ፣ ባንኩን ተዉት፣ የ127ቱን አምስት መስመሮች ደግሞ በአንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ አትሙልን። ቦታው ከአንድ የመስቀለኛ ቃል ግማሽ አይበልጥም።

እስከዚያው ለአንባቢዎቻችሁ አንድ ሥራ እንተው። 2¹³ − 1 = 8,191ን ፈትኑ። ከ4 ተነሡ፤ ለ8,192 እያካፈላችሁ ድርሻና ቀሪውን ደምሩ፤ ድምሩ ከ8,191 ካለፈ 8,191ን ቀንሱ። እርምጃው 11 ነው። ሦስተኛው ላይ 4,870፣ ሰባተኛው ላይ 36 ካላገኛችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ 2 የረሳችሁበትን መስመር ፈልጉ። አሥረኛው ላይ 128 ከመጣ መንገዱ ትክክል ነው፤ የቀረችው አንዲት ማባዛት ናት።

ከአክብሮት ጋር
የሒሳብ መምህራን
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ